ጨረታውን እየመሩ ሳለ ሻጩ ቢዘጋውስ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው የሚኖሩት ጀርመን ውስጥ ነው፤ የቆዩ የኢትዮጵያ ሳንቲሞች ይሰበስባሉ። አንድ ግለሰብ «ከአያቴ የቀሩ የውጭ አገር ሳንቲሞች» ብሎ ኢቤይ በሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ በ1 ዩሮ መነሻ አንድ ቆርቆሮ ሙሉ ሳንቲም ያወጣል። ጠያቂው ከፎቶዎቹ በአንዱ ላይ ሁለት የምኒልክ ብር ለዩና ተጫረቱ። በ41 ዩሮ እየመሩ ሳለ፣ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሻጩ «ዕቃው ከእንግዲህ አይገኝም» ብሎ ዘጋው። በዚህ ዓመት ሲደርስባቸው ሦስተኛው ነው። «እንዲህ ማድረግ ይችላል ወይ? ምንስ ላድርግ? ከእንግዲህ እስከ መጨረሻዋ ሰከንድ ድምፄን አጥፍቼ ብጠብቅ ይሻለኝ ይሆን?» ይላሉ።

በመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር። ድምፅ አጥፍቶ መጠበቁ አይበጅዎትም፤ ሻጭን ከሚያስበረግጉት ነገሮች ትልቁ ይኸው የገዢዎች ዝምታ ነውና። ልምድ ያለው ተጫራች ዋጋውን የሚያስገባው ሊዘጋ አሥር ሰከንድ ያህል ሲቀረው ነው። ኢቤይ ላይ የመዝጊያው ሰዓት ስለማይራዘም ይህ ብልሃት ይሠራል (እንደ ካታዊኪ ያሉት የጨረታ ድረ ገጾች መጨረሻ ላይ ዋጋ ሲገባ ሰዓቱን ስለሚያራዝሙ እዚያ ብዙም አይጠቅም)። ነገሩን ግን ከሻጩ ወገን ሆነው ይዩት። በ1 ዩሮ ጀምሯል። በአራተኛው ቀን ሲከፍተው 41 ዩሮ ላይ ቆሟል። ሃያ ሰው ይከታተለዋል፣ አዲስ ዋጋ የሚሰጥ የለም። የዋጋው አብዛኛው ክፍል በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች እንደሚመጣ አያውቅም፤ ምናልባት በሕይወቱ የሸጠው ሦስት ዕቃ ነው። በዚህ መሐል አንድ መልእክት ይገባለታል፦ «ለሁለቱ ትልልቅ ብሮች 150 ዩሮ አሁኑኑ እከፍላለሁ፤ ጨረታውን ዝጋው።» በእጁ ያለው 41 ነው፤ የቀረበለት 150 ነው። ይዘጋዋል። ያን መልእክት የሚልከው ሰው ብዙ ጊዜ ዕቃውን ከሁሉ በላይ የሚያውቅ ነጋዴ ነው፤ እኔ ለራሴ ከሻጩ ይልቅ እሱን እወቅሳለሁ።

አሁን ወደ ተዘጋው ጨረታ። መጀመሪያ እንዴት እንደ ተዘጋ ይለዩ፤ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ሻጩ የገቡትን ዋጋዎች ሰርዞ የዘጋው ነው። የዕቃው ገጽ ላይ ሻጩ ራሱ እንደ ዘጋው ከነምክንያቱ ተጽፎ ይታያል፦ «ዕቃው አይገኝም» ወይም «በማስታወቂያው ላይ ስሕተት ነበረ» የሚል። የእርስዎ ይህ ነው። ሁለተኛው ሻጩ ቀድሞ ዘግቶ ለመሪው ተጫራች የሸጠው ነው። ያን ጊዜ አሸናፊው እርስዎ ነዎት፤ የሚቀርዎት መክፈል ብቻ ነው። ማሳወቂያውን እስከ መጨረሻው ሳያነቡ ተናደው የሚያልፉት አሉና ይጠንቀቁ። ሦስተኛው ኢቤይ ራሱ ያነሣው ነው፦ የሻጩ አካውንት ተሰርቆ ሲገኝ፣ ዕቃው አስመስሎ የተሠራ ሲሆን ወይም ደንብ ሲጥስ። በዚህ ጊዜ መልእክቱ የሚመጣው ከኢቤይ ነው፤ ገጹም አይከፈትም። እንዲህ ከሆነ መከራከሩን ይተዉት፤ ምናልባት ከመዘረፍ ነው የተረፉት።

በኢቤይ አሠራር ድንበሩ 12 ሰዓታት ነው። ጨረታው ሊያልቅ ከዚያ በላይ ሲቀረው ሻጩ ዋጋዎቹን ሰርዞ መዝጋት ይችላል፤ ሲስተሙ አያግደውም። ከ12 ሰዓታት በታች ሲቀረውና ዋጋ የሰጠ ሰው ሲኖር ግን ቀድሞ መዝጋት የሚችለው ለመሪው ተጫራች በመሸጥ ብቻ ነው። ብዙ ሻጭ፣ አንዳንዴም ገዢው ራሱ፣ ከዚህ ተነሥቶ «ሦስት ቀን ከቀረው ሻጩ የፈለገውን የማድረግ መብት አለው» ብሎ ይደመድማል። የጀርመን ፍርድ ቤት በዚህ አይስማማም። ቁልፉ መጫን መቻሉ ሌላ፣ ከተጫነ በኋላ የሚመጣው ተጠያቂነት ሌላ ነው።

በጀርመን ሕግ ዕቃን ኢቤይ ላይ ለጨረታ ማውጣት ሻጩን የሚያስገድድ የሽያጭ ሐሳብ ነው። ያለ በቂ ምክንያት ሲዘጋው ውሉ በዚያች ቅጽበት ይመራ ከነበረው ተጫራች ጋር እንደ ጸና ይቆጠራል። ዋጋውም በዚያች ቅጽበት በገጹ ላይ የሚታየው ነው እንጂ ተጫራቹ «እስከዚህ እከፍላለሁ» ብሎ ለሲስተሙ ያስገባው ጣሪያ አይደለም። በእርስዎ ጉዳይ 41 ዩሮ ማለት ነው። ይህን ያጸናው የአገሪቱ የበላይ የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት፣ በምሕጻሩ ቤጌሃ የሚባለው፣ በተከታታይ በሰጣቸው ውሳኔዎች ነው (ከዚህ በታች ያሉት የውሳኔ ቀናትና ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ሁለቱን ማወቅ ለእርስዎ ይበቃል። ኅዳር 12 ቀን 2014 የታየው የቮልስዋገን ፓሳት መኪና ነበር። መነሻው 1 ዩሮ፣ የተጫራቹ ጣሪያ 555.55 ዩሮ። ሻጩ በውጭ 4,200 ዩሮ የሚሰጠው ሰው አግኝቶ ጨረታውን ዘጋው። ተጫራቹ ከሰሰ፤ መኪናው 5,250 ዩሮ ያወጣ ስለነበር 5,249 ዩሮ ካሳ ተፈረደለት። «በ1 ዩሮ መኪና መውሰድ ግፍ ነው» የሚለው መከራከሪያ አልሠራም። ፍርድ ቤቱ ያለው፣ ዝቅተኛ መነሻ መርጦ አደጋውን የወሰደው ሻጩ ራሱ ነው፤ ርካሽ የማግኘት ዕድልም የጨረታ ባሕርይ ነው። ከአንድ ወር በኋላ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2014፣ የመጣው ጉዳይ ደግሞ የኤሌክትሪክ ጄኔሬተር ነበር። ዋጋው 8,500 ዩሮ አካባቢ፣ የገባው ዋጋ 1 ዩሮ። ያ ሻጭ የተከራከረው በዚሁ በ12 ሰዓታት ደንብ ነበር፤ ከ12 ሰዓታት በላይ ስለቀረ ያለ ምክንያት ልዘጋ እችላለሁ አለ። አልተቀበሉትም።

በተቃራኒው ሻጩ የሚያሸንፍባቸው አሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 ካሜራው እንደ ተሰረቀበት ያስረዳ ሻጭ ነፃ ወጥቷል። ዕቃው ያለ ሻጩ ጥፋት ከጠፋ ወይም ከተሰበረ፣ ወይም ሻጩ ማስታወቂያውን ሲያወጣ በእርግጥ ተሳስቶ ከሆነ (100 ብሎ ሊጽፍ 1 ብሎ ጽፎ እንደሆነ) ከውሉ መውጣት ይችላል። ስሕተት ነው የሚለው ግን ስሕተቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ መናገር አለበት። የማስረዳቱ ሸክምም በእሱ ላይ ነው፤ ተሰረቀብኝ ካለ ለፖሊስ ያመለከተበትን ወረቀት ያሳይ። «ሌላ ሰው የተሻለ ሰጠኝ»፣ «ሐሳቤን ቀየርኩ»፣ «ዋጋው አነሰብኝ» ምክንያት አይሆኑም። ገጹ ላይ የሚታየው «ዕቃው አይገኝም» የሚለውም ከተዘጋጀ ዝርዝር ውስጥ የተመረጠ መስመር ነው፤ በራሱ ምንም አያስረዳም።

እንግዲህ ሥራው። ዛሬውኑ ማስረጃ ይሰብስቡ፤ የተዘጋ ማስታወቂያ በገጹ ላይ የሚቆየው ለ90 ቀን ያህል ነው። ገጹን ከነዕቃው ቁጥር በፒዲኤፍ ያስቀምጡ። የተጫራቾችን ዝርዝር የሚያሳየውን ገጽ ለብቻው ያስቀምጡ፤ የተዘጋበት ሰዓት ከነደቂቃው፣ የመጨረሻው ዋጋም እዚያ አለ። ዋጋዎ መሰረዙን የሚያሳውቀውን ኢሜይል አያጥፉ። ዕቃው የተገለጸበትን ጽሑፍ ቃል በቃል ይገልብጡ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ በሙሉ መጠናቸው ያውርዱ። ስክሪን ሾት አይበቃም፤ ምክንያቱን ቀጥሎ ያዩታል።

ካሳ የሚሰላው ዕቃው በገበያ ከሚያወጣው ላይ እርስዎ ሊከፍሉት የነበረው ተቀንሶ ነው። ሳንቲሞቹ በእጅዎ ስለሌሉ የዋጋቸው ማስረጃ እነዚያ ፎቶዎች ብቻ ናቸው። ፎቶውን አጉልተው መጀመሪያ ሁለቱም በእርግጥ የምኒልክ ብር መሆናቸውን ያረጋግጡ። እንዲህ ያለ ቆርቆሮ ውስጥ ማርያ ቴሬዛ የምትባለው የኦስትሪያ የብር ሳንቲም ከምኒልክ ብር ጋር ተቀላቅላ መገኘቷ የተለመደ ነው። ሁለቱ በመጠን አይለያዩም ማለት ይቻላል፤ የምኒልኩ 28.075 ግራም፣ ማርያ ቴሬዛ 28.07 ግራም ገደማ ናቸው፤ ስፋታቸውም 40 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ማርያ ቴሬዛ ግን በየትኛውም ዘመን ብትመታ 1780 የሚል ዓመት ስለምትይዝ፣ አብዛኞቹ ከብሩ ማዕድን ዋጋ ብዙም አይርቁም። አንዷ እሷ ከሆነች ስሌትዎ በግማሽ ይወርዳል።

የምኒልኩ ከሆነ ደግሞ አንበሳ ያለበትን ገጽ ይዩ። በፓሪስ በተመታውና ፲፰፻፹፱ ዓ.ም. በሚለው ላይ አንበሳው የሚያነሣው የግራ የፊት እግሩን ነው፤ በኋላ በመጡት ላይ ቀኙን። የዓመቱ የግዕዝ ቁጥር በፎቶው ላይ የሚነበብ ከሆነ በማስታወሻዎ ላይ ይጻፉት፤ የጀርመን ዳኛ ፲፰፻፹፱ን ሊያነብ አይችልምና በአረብኛው ቁጥር አስቀምጠው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት የሚለያየውን የዘመን አቆጣጠር በአንድ መስመር ያስረዱ። ከዚያ ጠርዙን ይመርምሩ። ብሩ ብዙ ጊዜ ለአንገት ጌጥ ይውል ስለነበር ላዩ ላይ የብየዳ ጠባሳ ወይም ቀዳዳ ይኖረዋል። ጠባሳ ያለው ሳንቲም ለሰብሳቢ ግማሽ ዋጋም ላያወጣ ይችላል። የንጉሠ ነገሥቱ ዘውድና የፀጉር መስመሮች ምን ያህል እንደ ተፋቁም ይመልከቱ። ይህን ሁሉ ካደረጉ በኋላ በተመሳሳይ ይዞታ ያሉ ሳንቲሞች የተሸጡበትን ዋጋ ይፈልጉ። ኢቤይ ላይ «የተሸጡ» የሚለውን ማጣሪያ ይጠቀሙ፤ ሻጮች የጠየቁት ዋጋ ማስረጃ አይሆንም፣ የተከፈለው ነው የሚቆጠረው። በኦስናብሩክ እንዳለው ኩንከር ያሉ የሳንቲም ጨረታ ቤቶችም ያለፉ ሽያጮቻቸውን ያወጣሉ። ሦስት ወይም አራት ተመሳሳይ ሽያጭ ይበቃል። ለምሳሌ ያህል ቆርቆሮው በሙሉ 180 ዩሮ ያወጣል ብለው ቢያስረዱ፣ 41 ሲቀነስ ካሳው 139 ዩሮ ነው።

ማስረጃው ከተያዘ በኋላ ለሻጩ በኢቤይ መልእክት ይጻፉ። አጭርና ጨዋ ይሁን፦ የዕቃው ቁጥር፣ በተዘጋ ጊዜ በ41 ዩሮ ይመሩ እንደ ነበር፣ ለምን እንደ ተዘጋ እንዲያስረዳ፣ ዕቃው ካለ አሁንም ሊገዙ ዝግጁ መሆንዎን። በዚህ መልእክት ላይ ስለ ፍርድ ቤት አያንሡ። ብዙ ሻጭ «ሌላ ሰው የበለጠ ሰጠኝ፣ ይቅርታ» ብሎ እውነቱን የሚነግርዎ እዚህ ላይ ነው። ያቺ መልስ ከሁሉ የበለጠች ማስረጃ ናት፤ ከመጀመሪያው ካስፈራሩት ግን «ተሰብሯል» ይልዎታል።

ካልመለሰ ወይም ምክንያቱ የማያሳምን ከሆነ ደብዳቤ ይከተላል። ውሉ በ41 ዩሮ እንደ ተፈጸመ፣ ገንዘቡን ለመክፈል ዝግጁ እንደ ሆኑ ይግለጹና ዕቃውን እንዲያስረክብ በቀን የተቆረጠ ገደብ ይስጡት። 14 ቀን የተለመደ ነው፤ «በሁለት ሳምንት ውስጥ» ከማለት ቀኑን ራሱን ይጻፉ። ካላስረከበ በውሉ ፈንታ ካሳ እንደሚጠይቁ ያስታውቁ፤ መሠረቱ የጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 433፣ 280 እና 281 ነው። ዕቃውን ለሌላ ሸጦ አስረክቦ ከሆነ ማስረከብ አይቻልምና ገደቡ ሳያስፈልግ ወደ ካሳው ያልፋሉ፤ ያን ጊዜ አንቀጽ 283 ይገባል። የሚልኩት በአደራ ፖስታ ነው፤ ፖስተኛው ሣጥን ውስጥ መጨመሩን የሚመዘግበው «አይንቩርፍ አይንሽራይበን» የሚሉት ዓይነት ይሻላል፣ ተቀባዩ አልፈርምም ብሎ ሊመልሰው አይችልምና። ለዚህ ሁሉ ግን የሻጩ ስምና አድራሻ ያስፈልጋል። እሱ ካልሰጠ ኢቤይን በጽሑፍ ይጠይቁ፣ ካልሆነም በጠበቃ በኩል ያስጠይቁ። ያለ አድራሻ ከዚህ በላይ መራመድ አይቻልም።

ጊዜ አይግደሉ። ይርጋው ሦስት ዓመት ነው፣ የሚቆጠረውም ጉዳዩ ከተፈጠረበት ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ስለሆነ ሰፊ ይመስላል። ነገር ግን ጀርመኖቹ «አብብሩኽየገር» የሚሏቸው የተዘጋ ጨረታ አዳኞች አሉ። በመቶ በሚቆጠሩ ጨረታዎች ላይ 1 ዩሮ እየጣሉ አንዱ ሻጭ ቀድሞ እስኪዘጋ ይጠብቃሉ፤ ከዚያም ዕቃው በእርግጥ ተሸጦ እስኪያልቅ ወራት ዝም ብለው ካሳ ይጠይቃሉ። ቤጌሃ ግንቦት 22 ቀን 2019 በሰጠው ውሳኔ ብዙ መጫረት ብቻውን መብትን ያለ አግባብ መጠቀም እንደማያሰኝ፣ የእያንዳንዱ ጉዳይ ሁኔታ በሙሉ መታየት እንዳለበት ብሏል። ስለዚህ እርስዎ ዕቃውን በእርግጥ ይፈልጉት እንደ ነበር የሚያሳዩ ነገሮች ዋጋ አላቸው፦ በሳምንቱ ውስጥ መጻፍዎ፣ ልክፈል ማለትዎ፣ ከዚህ በፊት ተመሳሳይ ሳንቲሞች የገዙባቸው ደረሰኞች።

ሻጩ እምቢ ካለ ቀጣዩ «ማንበሻይድ» ነው፤ ፍርድ ቤት ችሎት ሳያስቀምጥ በጽሑፍ የሚልከው የክፍያ ትእዛዝ። ለተወሰነ የገንዘብ ጥያቄ ብቻ ነው የሚሆነው፣ ማመልከቻው በኢንተርኔት ይሞላል፣ ሻጩ ለመቃወም ሁለት ሳምንት አለው። ከተቃወመና እርስዎ ልቀጥል ካሉ ጉዳዩ ወደ አካባቢው ፍርድ ቤት፣ ወደ «አምትስገሪኽት»፣ ይሄዳል። እዚያ ያለ ጠበቃ ራስዎን ወክለው መቆም ይችላሉ። ያስተውሉ፤ በጀርመን የተሸነፈ ወገን የሌላውንም ወጪ ይከፍላል፣ የጠበቃውን ጨምሮ። የሕግ ወጪ መድን ካለዎት አስቀድመው ይደውሉ። ገቢዎ አነስተኛ ከሆነ ከሚኖሩበት አካባቢ አምትስገሪኽት «በራቱንግስሂልፈ» የሚባለውን የምክር ድጋፍ ወረቀት ይጠይቁ፤ ወረቀቱን ይዘው ጠበቃ ሲያማክሩ ከእርስዎ የሚጠየቀው 15 ዩሮ ብቻ ነው። ለ139 ዩሮ እስከ ችሎት መሄድ ያዋጣል ወይ ቢሉኝ፣ ሻጩ «ለሌላ ሸጥኩት» ብሎ በጽሑፍ ያመነ ከሆነ አዎን፤ «ጠፋብኝ» ብሎ ከጸና ደብዳቤው ላይ ባቆም እመርጣለሁ።

ይህ ሁሉ የጀርመን ነገር ነው። አሜሪካ ያለ አንባቢ በዚህ ልክ አይጠብቅ፤ እዚያ ትንሽ ገንዘብ ላይ በዚህ መንገድ ካሳ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። የሚቀረው ለኢቤይ ማመልከት ነው። ዋጋቸው አነሰ ብለው ደጋግመው የሚዘጉ ሻጮች የመሸጥ ፈቃዳቸው ሊገደብ ይችላል። አሜሪካ ላይ ተጫራች እያለ የሚዘጋን ሻጭ ኢቤይ የሽያጭ ኮሚሽኑን ሊያስከፍለውም ይችላል። ጀርመን ላይ ግለሰብ ሻጮች ከመጋቢት 2023 ወዲህ ኮሚሽን ስለማይከፍሉ ይህ ልጓም የለም። ሁለቱም አገር ላይ መጥፎ አስተያየት መጻፍ አይቻልም፤ ዋጋዎ ተሰርዞ ሲዘጋ የተመዘገበ ግብይት የለምና።

ሳይቃጠል በቅጠል ወደሚለው እንምጣ፣ ለቀጣዩ ጨረታ። ዕቃውን እንዳዩት ትንሽ ዋጋ ያስገቡ። ይህ የሚሠራው በአራት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ጨረታው ላይ «አሁን ግዛ» የሚል ዋጋ ካለና የተደበቀ ዝቅተኛ ዋጋ (ሻጩ ከዚያ በታች የማይሸጥበት) ከሌለው፣ የመጀመሪያው ዋጋ ሲገባ ያ ቁልፍ ይጠፋል፤ ሌላ ሰው ቀድሞ ጠቅልሎ አይወስድብዎትም። ሁለተኛ፣ ነጋዴው «ዝጋና ቋሚ ዋጋ አውጣልኝ» ሲለው ሻጩ በቀላሉ ዋጋ ቀይሮ መገላገል አይችልም፤ የሰው ዋጋ መሰረዝ አለበት፣ ብዙ ሻጭ እዚያ ላይ ያመነታል። ሦስተኛ፣ ከ12 ሰዓታት በታች ሲቀር ሻጩን የሚያስረው ዋጋ የሰጠ ሰው መኖሩ ነው። አራተኛ፣ ጀርመን ውስጥ ያ ዋጋ መብት ነው፤ በልቡ ብቻ የተጫረተ ሰው ከማንም ጋር ውል የለውም። ጉዳቱ ዕቃው የሌሎችን ዓይን መሳቡ ነው። ለዚህ ነው ትንሽ ያልኩት። ጣሪያዎን ቀድመው አያስገቡ፤ ሲስተሙ በእርስዎ ፈንታ የሚጨምረው ከተከታዩ በአንድ ደረጃ ብቻ ቢሆንም (አሜሪካ ላይ ጣሪያዎ 60 ዶላር፣ የተከታይዎ 40 ከሆነ የሚታየው 41 ነው)፣ ሌላው ሰው ቀናት ካገኘ እየነካካ ጣሪያዎን ይደርስበታል። እውነተኛውን ዋጋ በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ያስገቡ፣ 150 ከማለትም 151.37 ይበሉ፤ 150 እና 151 ላይ የሚያቆም ብዙ ነው።

ከዚያ ለሻጩ አንዲት ጥያቄ ይላኩ። ሳንቲሞቹን በወጥ ቤት ሚዛን መዝኖ እንዲነግርዎ፣ ወይም የጠርዛቸውን ፎቶ እንዲጨምር ይጠይቁ፣ በመጨረሻም «እሑድ ማታ ሲዘጋ እዚያው እገኛለሁ፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ በመጨረሻው ደቂቃ ነው የሚወጣው» የምትል መስመር ይጨምሩ። ይህች መስመር ለፈራ ሻጭ መድኃኒት ናት። ሳንቲሞቹ ምን እንደ ሆኑ የማስተማር ግዴታ የለብዎትም፤ ከጠየቀዎት ግን አይዋሹት።

አንዳንድ ማስታወቂያ ገና ከመነሻው እንደሚዘጋ ያስታውቃል። አስተያየት የሌለው አዲስ ሻጭ፣ ውድ ዕቃ በ1 ዩሮ፣ ፎቶው ላይ የስልክ ቁጥር፣ «ዋጋ ካላችሁ ጻፉልኝ» የሚል ቃል። ጀርመንኛው ላይ «ትስቪሸንፈርካውፍ ፎርበሃልተን» የሚል ካዩ ደግሞ ሻጩ በመሐል ለሌላ ልሸጥ እችላለሁ እያለዎት ነው፤ በኋላ ቢከራከሩም ያችን ቃል ይመዝብዎታል። የሻጩን ያለፉ ማስታወቂያዎች «የተጠናቀቁ» በሚለው ማጣሪያ ይዩ፤ ያው ዕቃ ተዘግቶ እንደገና የወጣበት ካለ ጊዜዎን አያባክኑ። ክላይንአንሳይገን በሚባለው የጀርመን ድረ ገጽ ላይ ያለውን ደግሞ ከዚህ አያምታቱት። እስከ 2023 ድረስ በስሙ ውስጥ ኢቤይ የሚል ስለነበረ ብዙ ሰው አንድ ይመስለዋል፤ እዚያ ያለው ተራ ማስታወቂያ ነው፣ ጨረታ አይደለም። እስክትስማሙ ድረስም ማንም አይታሰርም።

በሚቀጥሉት ቀናት «ሻጩ ነኝ፣ ሳንቲሞቹ አሉ፣ በኢሜይል እንጨርስ» የሚል ሊመጣብዎ ይችላል። እውነተኛ «የሁለተኛ ዕድል» ግብዣ (ሻጩ ላላሸነፈ ተጫራች የሚያቀርበው ሽያጭ) በኢቤይ አካውንትዎ የመልእክት ሣጥን ውስጥም ይታያል፤ በኢሜይል ብቻ የመጣ፣ ወደ ባንክ ሒሳብ ወይም በስጦታ ካርድ ክፈሉ የሚል ሌባ ነው።

ሻጩ ራሱ በኢቤይ መልእክት መልሶ «አልሸጥኳቸውም፣ 120 ዩሮ ከሰጡኝ ውሰዱ» ቢልስ? በሕግ በ41 ነው የሚገባዎት። ሳንቲሞቹ በእርግጥ ያለ ብየዳ ጠባሳ ከሆኑና 180 የሚያወጡ ከመሰለዎት ግን፣ ደብዳቤና ማንበሻይድ ተጽፎ ከሚደርሰው ካሳ ይልቅ በ70 ወይም በ80 ተስማምቶ ብሮቹን መጨበጥ ለሰብሳቢ ይሻላል። ካሳ ገንዘብ ነው፤ ሳንቲሙን አያመጣም። ከተስማሙ በቋሚ ዋጋ እንደገና ኢቤይ ላይ ያውጣላቸውና እዚያው ይክፈሉ፤ ከውጭ ከከፈሉ የኢቤይ የገዢ ዋስትና አይሸፍንዎትም።